በግልገሎቹ እርምጃ

እግዚአብሔርን እረኛው አድርጎ የጠራ ሰው ማን ነው ሲባል ሁላችንም ቶሎ የምንለው ዳዊትን ነው። በልጅነታችን በቃላችን ያጠናነው፣ ሐዘን ቤትም ሆነ በሽተኛ ራስጌ የምንደግመው 22ኛው መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 23ኛው) የእሱ ነውና። ከዳዊት አስቀድሞ ግን ይህንኑ የተናገረ ሰው አለ። ሲናገር በገና አልያዘም፤ ለምለም መስክ ላይም አልነበረም። በባዕድ አገር፣ በግብፅ፣ አልጋ ላይ ነበር፤ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ጉልበቱ ከድቶት ሞቱን የሚጠብቅ ሽማግሌ። ያዕቆብ ነው። ነገሩ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 48 ተጽፏል።

ይህች ምዕራፍ ለደከመ ሰው የተጻፈች ትመስለኛለች። ትናንት ቤት ያቀና፣ ጎረቤት ያስታረቀ፣ ልጆች ያስተማረ ሰው ዛሬ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ «ትራሱን አስተካክሉልኝ» ማለት ሲከብደው፣ ከሕመሙ በላይ የሚያመው ሸክም የሆነ መምሰሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዳዊት ሲደገምለት ይወዳል፤ ይጽናናበታልም። የያዕቆብን ታሪክ ሲሰማ ደግሞ እንደ እሱው የደከመ ሰው ሲናገር ይሰማል። ለዚህ ነው ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ፣ ከዚያም እንደገና ወደ መጨረሻው ሄጄ መተረክ የፈለግሁት።

ያዕቆብ እረኝነትን ከሩቅ አይቶ አልተናገረም። እንጀራው ነበር። በአጎቱ በላባ ቤት 20 ዓመት በግና ፍየል ጠብቋል፤ 14ቱን ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ 6ቱን ስለ መንጋ ድርሻው። ደመወዙ 10 ጊዜ ተለዋውጦበታል። በመጨረሻ ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ቤተሰቡንና ከብቱን ይዞ ወጣ፤ ላባም 7 ቀን ተከታትሎ ገለዓድ ተራራ ላይ ደረሰበት። እዚያ ያዕቆብ 20 ዓመት በሆዱ ያፈነውን ሁሉ አወጣው። የላባ በጎችና ፍየሎች በእሱ እጅ እንዳልጨነገፉ፣ ከመንጋው አውራ በግ አርዶ እንዳልበላ፣ ቀን ሐሩሩ ሌሊት ቁሩ እንደተፈራረቀበት፣ እንቅልፍ ከዓይኑ እንደራቀ አንድ በአንድ ቆጠረለት።

ከዚያ ሁሉ ንግግር ልቤን የምትይዘው አውሬ ስለ ሰበረው በግ የተናገራት ናት። በኋላ በኦሪት ሕግ እንደተደነገገው (ዘጸአት 22፥13) አውሬ በግ የነጠቀበት እረኛ የተረፈውን ሥጋ ይዞ መጥቶ ለምስክር ካሳየ ዕዳ የለበትም። ያዕቆብ ግን የተቦጨቀውን አምጥቶ አላሳየም። ኪሳራውን ራሱ ተሸከመው። ቀን የተሰረቀውንም ሌሊት የተሰረቀውንም ከራሱ ከፈለ። እረኛ ማለት ለእሱ የጠፋው ሁሉ ከራሱ የሚጎድልበት ሰው ነበር። በስተርጅናው እግዚአብሔር እረኛው እንደነበረ ሲናገር በልቡ ያለው ይህ ነው፤ ቁርና ሐሩር፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የሌላውን ኪሳራ መሸከም።

ከላባ እንደተለየ ሌላው ፍርሃት ፊት ለፊቱ ቆመ። በረከቱን በተንኰል የወሰደበት ወንድሙ ዔሳው 400 ሰው አስከትሎ እየመጣ ነው። ያዕቆብ ስጦታ አስቀደመ፤ ፍየሉ፣ በጉ፣ ላሙ፣ አህያው፣ የሚያጠቡት ግመሎች ሳይቀሩ፣ ግልገሎቻቸው ሳይታሰቡ 550 እንስሳ ነው። በዚያች ሌሊት በያቦቅ ወንዝ መሻገሪያ ብቻውን ቀርቶ ከአንድ ሰው ጋር እስኪነጋ ታገለ፤ የጭኑ መጋጠሚያ ተነካበት። ፀሐይ ስትወጣበት ያነክስ ነበር።

ዔሳው ግን ሮጦ አቀፈው፤ ተላቀሱም። ከዚያም አብረን እንጓዝ፣ እኔ ፊት ፊትህ እሄዳለሁ አለው። ያዕቆብ የመለሰለትን መልስ ብዙ ሰው አንብቦ ያልፈዋል። ልጆቹ ለጋ እንደሆኑ፣ በመንጋው ውስጥ የሚያጠቡ በጎችና ላሞች እንዳሉበት፣ አንድ ቀን ብቻ በጥድፊያ ቢነዱ ከብቱ ሁሉ እንደሚያልቅበት ነገረው። ወንድሙ ይቅደም፤ እሱ በፊቱ ባሉት ከብቶችና በልጆቹ እርምጃ ቀስ እያለ ይመጣል። በእርግጥ ያዕቆብ ከዚያ የታጠፈው ወደ ሱኮት ነው፤ ወንድሙን ገና በሙሉ ልቡ አላመነውም ይሆናል። ስለ መንጋው የተናገረው ግን እውነት ነው፤ ከብት የነዳ ሁሉ ይመሰክርለታል። የመንጋ ፍጥነት የሚለካው በደካማዋ ነው። ጠንካራው በግ ቢዘገይ የሚጎድልበት የለም፤ ትናንት የተወለደችው ግን ብትጣደፍ ትሞታለች።

በእኛ ደጋ አገር ያደገ ይህን በዓይኑ አይቶታል። በግ ሜዳ ላይ ወልዳለች፤ ጭጋጉ እየወረደ ነው፤ ሌሎቹ ሣር እየቀነጠሱ ርቀዋል። እረኛው ልጅ መንጋውን በፉጨትና በጠጠር ይመልሳል። እናቲቱ ልሳ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ እግሩ የሚንቀጠቀጠውን፣ ገና እርጥብ የሆነውን ግልገል አንሥቶ በጋቢው ጫፍ ይይዘዋል። አያያዙም መላ አለው። ከፍ አድርጎ ከታቀፈው እናቲቱ ጠረኑን ታጣና እየጮኸች ወደ ወለደችበት ሥፍራ ትመለሳለች። ስለዚህ ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ ግልገሉን ከአፍንጫዋ ሳያርቅ፣ እያሸተተች እንድትከተለው እያደረገ ይሄዳል። ወገቡ ይታመማል፤ መንገዱም ይረዝማል። ማታ ቤት ሲደርስ «ምን አዘገየህ?» ብሎ የሚቆጣው ካለ፣ ጋቢውን ገልጦ ማሳየት ይበቃዋል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ40ኛው ምዕራፉ እግዚአብሔር ግልገሎችን ሰብስቦ በብብቱ እንደሚሸከም፣ የሚያጠቡትንም በቀስታ እንደሚመራ ሲናገር የሚያጽናናው ቅስሙ የተሰበረ ሕዝብ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ኢየሩሳሌም ፈርሳ፣ ቤተ መቅደሷ ተቃጥሎ፣ ሰዎቿ ወደ ባቢሎን ተግዘዋል። ለዚያ ሕዝብ የተነገረው የመጀመሪያ ነገር «ተነሡና ሩጡ» የሚል አይደለም። በክንዱ የሚሸከም አለ ተባሉ። ደካማ ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ አፋችን የለመደው «አይዞህ፣ በርታ!» ነው። ከፍቅር ነው የምንለው። መበርታት ላቃተው ሰው ግን ይህች «በርታ» አንዳንዴ የዔሳው ጥድፊያ ትሆንበታለች፤ ሁሉም ሄዶ እሱ ብቻ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። ያዕቆብ የሚያውቀው እረኛ ወደ ኋላ የቀረችውን በግ ፍጠኚ አይላትም። እሱ ራሱ እርምጃውን ያሳጥርላታል። ያውም ይህን በተናገረባት ቀን ያዕቆብ ራሱ አንካሳ ነበር፤ ከለጋ ልጆቹና ከሚያጠቡት በጎች ጋር በአንድ እርምጃ የሚሄድ አንካሳ እረኛ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ታሪክ ነበር። አላበቃም። ከቤቴል ተነሥተው ወደ ኤፍራታ ጥቂት ሲቀራቸው ራሔልን ምጥ ያዛት፤ ብንያምን ወልዳ ሞተች። ለሚያጠቡት ብሎ በዝግታ የሚነዳው ሰው የሚወዳትን ሴት በወሊድ፣ በመንገድ ላይ አጣት። መንገድ ዳር ቀብሯት በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቁሞ ጉዞውን ቀጠለ። ለዚህ ለምን የሚል ሰው ቢመጣብኝ መልስ የለኝም፤ ኦሪትም መልስ አይሰጥም። የሚነግረን ያዕቆብ ይህን እንዳልረሳ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያች በግብፅ አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ርስትና ስለ ልጅ ልጆቹ ሲናገር፣ በመሐል ድንገት ወደ ራሔል ሞት ይመለሳል፤ የት እንደሞተች፣ ምን ያህል መንገድ እንደቀራቸው፣ የት እንደቀበራት ለልጇ ለዮሴፍ ይነግረዋል። እግዚአብሔር እረኛዬ ነበር ለማለት የራሔልን መቃብር መርሳት አላስፈለገውም። በእኔ ዕይታ በሐዘን ላይ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ እረፍት የሚሰጥ ነገር ጥቂት ነው፤ የሞተችብህን ረስተህ ካልሆነ በቀር አልተጽናናህም የሚልህ የለም።

ከራሔል በኋላ ዮሴፍ ተከተለ። ዕድሜው 17 ነበር። ወንድሞቹ ሸጡት፤ ፍየል አርደው ቀሚሱን በደም ነከሩና ለአባታቸው ላኩለት። አንዴ የፍየል ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ አድርጎ ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን ይስሐቅን ያታለለ ሰው፣ አሁን በፍየል ደም ተታለለ። ይህን ብዙ ሰባኪዎች ያነሡታል፤ እውነትም ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ነው። 20 ዓመት ሙሉ አውሬ የሰበረውን በግ ለጌታው ወስዶ አላሳየም፤ ሐዘኑን በራሱ ይዞ ጌታውን ከዚያ እይታ አሳርፎት ነበር። አሁን የገዛ ልጆቹ፣ እነሱም እረኞች፣ በደም የተነከረውን ልብስ አምጥተው «እስቲ እየው፣ የልጅህ ቀሚስ ነው?» አሉት። እረኛ ስለሆነ መልሱን ከማንም በፊት ያወቀው መሰለው፤ ክፉ አውሬ በልቶታል።

ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ። ከአጽናኞቹ አብዛኞቹ ነገሩን የሠሩት ናቸው። ያዕቆብ መጽናናትን እንቢ አለ፤ እያለቀስኩ ወደ መቃብር እወርዳለሁ አለ። ያ ልቅሶ ስንት ዓመት ቆየ? ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጠ፣ በ30 ዓመቱ ፈርዖን ፊት ቆመ፣ 7 የጥጋብ ዓመት አለፈ፣ የረሃቡ 2ኛ ዓመት ላይ ከአባቱ ጋር ተገናኘ። 22 ዓመት ነው። ለ22 ዓመት ያህል እግዚአብሔር ለያዕቆብ በራእይ ተገለጠለት የሚል አንድም ቃል አልተጻፈም። በቤቴል ድንጋይ ተንተርሶ ሳለ «በምትሄድበት ሁሉ እጠብቅሃለሁ» የሚል ተስፋ የተሰጠው ሰው፣ ለ22 ዓመት ዝምታ ብቻ ሰማ። መጽሐፉ በዚህ አይወቅሰውም። መጽናናትን እንቢ ማለቱን ክህደት አላለውም። ጸሎት ከአፉ አልወጣ ያለው፣ ሰው ሲያጽናናው ይበልጥ ሆድ የሚብሰው በሽተኛ ወይም ሐዘንተኛ ካለ፣ የያዕቆብ ወገን ነው።

ረሃቡ ሲጸና ልጆቹ እህል ሊሸምቱ ግብፅ ወረዱ። ከመካከላቸው ስምዖን እዚያ ታስሮ ቀረ፤ ብንያምን አምጡ ተባሉ። የዚያን ጊዜ ሽማግሌው ቀና ብሎ ዮሴፍ የለም፣ ስምዖን የለም፣ ብንያምንም ልትወስዱ ነው፣ ይህ ሁሉ በእኔ ላይ ደረሰ አለ። ያን ሲናገር ቤቱ ውስጥ ያለው ስንዴ የግብፅ ገዥ የሆነው ዮሴፍ አስፍሮ የላከው ስንዴ ነበር። የከፈሉበት ብርም በየስልቻው አፍ ተመልሶላቸው ነበር። ያዕቆብ ያን ብር በዓይኑ አይቷል፤ አይቶም ፈራ። የልጁ ስጦታ ወጥመድ መሰለው። ሁሉ ነገር በእኔ ላይ ተነሣ ያለባት ሰዓት ከልጁ እጅ እየበላ የነበረባት ሰዓት ናት።

ይህን ለሐዘንተኛ አፍጥኖ መንገር ግን ጭካኔ ነው። «ለበጎ ነው» የምንላት ቃል በ40 ቀኑም በ80 ቀኑም ስትደጋገም ቁስል ላይ ጨው ትሆናለች። ለያዕቆብ በ1ኛው ዓመት ማንም አልነገረውም፤ በ10ኛውም አልነገረውም። ራሱ ደርሶ ያየው ነው፤ የተናገረውም ራሱ ነው።

የልቡ መመለስ እንዴት እንደመጣ ልብ በሉ። ልጆቹ «ዮሴፍ በሕይወት አለ፣ የግብፅም ገዥ ሆኗል» ሲሉት ልቡ ደነዘዘ፤ አላመናቸውም። ከዚያ ዮሴፍ የላካቸውን ሠረገሎች አየ። መንፈሱ የታደሰችው ያን ጊዜ ነው። የማይታመን ወሬ ይዘው ከመጡት አፎች ይልቅ፣ ሽማግሌ መሄድ እንደማይችል አስቦ ሠረገላ የላከ ሰው እንዳለ ማየቱ ልጁን አሳወቀው። ወደ ቤርሳቤህም ወርዶ ለአባቱ ለይስሐቅ አምላክ መሥዋዕት ሠዋ። እዚያ፣ በሌሊት፣ ያ የስንት ዓመት ዝምታ ተሰበረ። ወደ ግብፅ መውረድን እንዳይፈራ፣ እግዚአብሔር ራሱ አብሮት እንደሚወርድ፣ መልሶም እንደሚያወጣው፣ ዮሴፍም በእጁ ዓይኑን እንደሚከድንለት ተነገረው።

ቀጥሎ ያለችው ቁጥር (ዘፍጥረት 46፥5) አጭር ናት፤ ሳልቆምባት አላልፍም። የእስራኤል ልጆች አባታቸውን ያዕቆብን፣ ሕፃናታቸውንና ሴቶቻቸውን ፈርዖን በላከው ሠረገላ ላይ ጫኑ ትላለች። ያቦቅ አጠገብ ስለ ሕፃናቱና ስለሚያጠቡት ሲል መንገዱን ያረዘመው ሰው አሁን ከሕፃናቱ ጋር አብሮ ይጫናል። ጫኝ የነበረው ጭነት ሆነ። በስተርጅና ልጆቹ ደግፈው መኪና ውስጥ ያስገቡት አባት፣ መታጠቢያ ቤት በሰው እጅ የምትሄድ እናት ይህን ያውቁታል፤ ከባድ ነው። ያዕቆብ አፈረ ወይም አጉረመረመ የሚል ነገር አናነብም። እሱ በደህናው ቀን ለጋውንና የሚያጠባውን እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ አደራ ይዞ ነበር። ስለዚህ ተራው ሲደርስ ከሕፃናት ጋር መቆጠር ውርደት አልሆነበትም ብዬ አምናለሁ።

ፈርዖን ፊት በቀረበ ጊዜ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ተጠየቀ። 130 ነው፤ ዘመኔም ጥቂትና ክፉ ሆነብኝ አለ። ይህን የተናገረው ቅዱሱ ያዕቆብ ነው፤ እኛ ለሞተ ሰው «ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» የምንልበት ያዕቆብ። ልጁን አግኝቷል፤ ንጉሥ ፊት ቆሟል፤ ንጉሡንም መርቋል። ቢሆንም ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ክፉ ነበር አለ። አላሳመረውም።

ከዚያ በኋላ 17 ዓመት በጌሤም ምድር ኖረ። ወንድሞቹ ዮሴፍን ከመሸጣቸው በፊት ያሳደገው 17 ዓመት ነበር፤ ዮሴፍም በተራው አባቱን ያኖረው 17 ዓመት ነው። ረሃቡ በጸናበት ጊዜ ዮሴፍ አባቱንና ወንድሞቹን እንደ ልጆቻቸው ብዛት እህል እየሰጠ መገባቸው ይላል መጽሐፉ። በእነዚያ ዓመታት ያዕቆብ ምን እንዳሰበ አልተጻፈም። መጨረሻው ላይ ከአፉ የወጣውን ቃል ስናይ ግን፣ በሰው እጅ እየበላ በተቀመጠበት ጊዜ ያለፈውን ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ እንደዞረበት መገመት አያስቸግርም።

አንድ ቀን ለዮሴፍ «አባትህ ታሟል» ተባለ። ዮሴፍ የግብፅ ሁለተኛ ሰው ነው፤ ሥራ አያጣም። ተነሥቶ ሁለቱን ልጆቹን ምናሴንና ኤፍሬምን ይዞ ሄደ። ከረሃቡ ዓመታት በፊት የተወለዱ ናቸውና በዚህ ጊዜ ሕፃናት አይደሉም፤ ጎልማሶች ናቸው። እናታቸው የኦን ከተማ ካህን ልጅ አስናት ናት። በግብፅ ሹም ቤት፣ በግብፅ ልብስ፣ በግብፅ ቋንቋ ያደጉ ልጆች። በዚያ አገር ደግሞ በግ ጠባቂ ሁሉ የተናቀ ነበር፤ ዮሴፍ ራሱ ወንድሞቹን ወደ ፈርዖን ሲያቀርብ ይህንኑ ነግሯቸዋል።

ሽማግሌው ዮሴፍ መጣ ሲባል ተጣጥሮ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹን አቅፎ ሳማቸው። እጆቹን አመሳቅሎ ቀኙን በታናሹ ላይ ጫነ፤ ዮሴፍ ዓይኑ ስለማያይ የተሳሳተ መስሎት ሊያስተካክል ሞከረ፤ አባቱ ግን አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ አለው። ሰውነቱ ቢዝልም ልቡ ንቁ ነው። በዚያችው ሰዓት በእነዚያ የሹም ልጆች ፊት፣ እረኛ በሚናቅበት አገር፣ አምላኩን በእረኛ ስም ጠራ፤ አባቶቹ አብርሃምና ይስሐቅ በፊቱ የሄዱለት፣ እሱንም ከተወለደ ጀምሮ እስከዚያች ቀን እንደ እረኛ እየመገበ የጠበቀው፣ ከክፉም ሁሉ ያዳነው እነዚህን ልጆች ይባርክ አለ።

እስከዚያች ቀን ያለው ሁሉን ያጠቃልላል። ወንድሙን ያታለለበት ቀን ውስጡ ነው፤ የቤቴል ድንጋይ፣ የላባ ቤት ሌሊት፣ ያቦቅና ስብራቱ፣ የራሔል መቃብር፣ የደሙ ቀሚስ፣ የ22 ዓመቱ ዝምታ፣ ፈርዖን ፊት ክፉ ብሎ የጠራው ዘመን ሁሉ ውስጡ ነው። ለፈርዖን የነገረውን አልሰረዘም። ያ ክፉ ዘመን እረኛ ያልነበረው ዘመን እንዳልነበረ ነው አሁን የጨመረበት። እረኛ ሆኖ የኖረ ሰው በመሆኑ ያውቃል፤ በግ እረኛዋን የምታየው ሁልጊዜ አይደለም። ሌሊት ተኝታ ሳለ የሚነቃላትን፣ አውሬ ሲመጣ ኪሳራውን የሚሸከምላትን አታይም። ያዕቆብም ለላባ በጎች እንዲያ ነበር፤ አንዷም አመስግናው አታውቅም።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በ11ኛው ምዕራፍ የእምነት ሰዎችን ሲዘረዝር ከያዕቆብ ሕይወት አንዲት ሰዓት ብቻ መረጠ። የቤቴልን መሰላል ወይም የያቦቅን ትግል አላነሣም። ሊሞት ሲል የዮሴፍን ልጆች መባረኩንና በበትሩ ጫፍ ተደግፎ መስገዱን አነሣ። ያች በትር ዮርዳኖስን ሲሻገር ከእሷ በቀር ምንም እንዳልነበረው የመሰከረላት የእረኛ በትር እንደሆነች ማሰብ እወዳለሁ። እምነቱ የበረታባት ሰዓት ተብላ የተጻፈችለት ያለ ድጋፍ መቆም ያልቻለባት ሰዓት ናት።

የእረኛው ጥበቃ ወደ ያዕቆብ በምን መንገድ እንደመጣም ማየት ይገባል። ሠረገላው በሰው ተልኳል፤ ስንዴው በሰው እጅ ተሰፍሯል፤ አልጋው አጠገብም ሥራውን ጥሎ የመጣ ልጅ ቆሟል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የእስራኤልን እረኞች ሲከስ የሚያቀርብባቸው ክስ ይህ ነው፤ የደከመውን አላጸናችሁም፣ የታመመውን አላከማችሁም፣ የተሰበረውን አልጠገናችሁም፣ የጠፋውን አልፈለጋችሁም። ከዚያ እሱ ራሱ ይህን ሥራ እንደሚሠራ ይናገራል። ስለዚህ «እግዚአብሔር እረኛህ ነው» ብለን በሽተኛውን አጽናንተን ወዲያው ተነሥተን መውጣት አይሆንልንም። መድኃኒቱን ማን ይገዛል፣ ሌሊት ማን ያድራል፣ ለወራት ካስታመመች እህት ላይ ማን ተራ ይቀበላል የሚለው ጥያቄ የእረኛው ጉዳይ ነው። በሰንበቴውም በማኅበሩም በእድሩም ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የምንፈጥነውን ያህል፣ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲተኛ ለማስታመም ተራ የምናወጣ ብንሆን እንዴት መልካም ነበር! ሐዘን ቤት ሦስት ቀን ይጨናነቃል፤ የሁለት ዓመት በሽተኛ ቤት ግን ቀስ በቀስ ጭር ይላል።

ያዕቆብ ባርኮ ሲጨርስ ለዮሴፍ እኔ እሞታለሁ፣ እግዚአብሔር ግን ከእናንተ ጋር ይሆናል፣ ወደ አባቶቻችሁም ምድር ይመልሳችኋል አለው። በ147 ዓመቱ አረፈ። ቤርሳቤህ ላይ በተሰጠው ተስፋ መሠረት ዮሴፍ በፊቱ ላይ ወድቆ አለቀሰ፣ ሳመውም። ሽቱ የሚቀቡት ባለ መድኃኒቶች 40 ቀን ፈጀባቸው፤ ግብፃውያን 70 ቀን አለቀሱለት። ከዚያ ልጆቹ፣ የፈርዖን ሹማምንት፣ ሠረገላውና ፈረሰኛው ሁሉ አጅበው አብርሃም ወደ ገዛው ወደ መክፌላ ዋሻ ወሰዱት። የሄደው ጭፍራ እጅግ ብዙ ነበር ይላል መጽሐፉ፤ ሕፃናቱን፣ በጎቹንና ላሞቹን ግን ለዚያ መንገድ አላስነሧቸውም፤ በጌሤም ተዋቸው።